በምእመናን መካከል ስለሚደረግ እርቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳገለግልና ለሽምግልና ስጠራ፣ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ እነዚህን ነው።

በቤተ ክርስቲያን በኩል መታረቅ ሲባል ምን ማለት ነው?

የተጣሉ ምእመናን በካህንና በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጠው ነገራቸውን የሚጨርሱበት መንገድ ነው። ፍርድ ቤት አይደለም። ማንም ተገዶ አይቀመጥም። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ፣ ጥፋቱ የት እንዳለ ይለያሉ፣ ካሳ ካለ ካሳውን ይቆርጣሉ። ይቅርታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን አደራ። ብዙ እርቅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። "ኧረ ተዉት፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በሉ" ተብሎ ነገሩ ሳይሰማ የተዘጋ ጠብ አልታረቀም፤ ተድበስብሷል። በሚቀጥለው ክረምት ወይም በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ደግሞ እንዲህ ሲቻኮል ዝም የሚለው ሁልጊዜ አቅም የሌለው ወገን ነው፤ ድሃው፣ ሴቷ፣ ታናሹ።

መጀመሪያ ማንን ላናግር?

ራሱን ሰውዬውን። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ጌታ ያስተማረው ሥርዓት ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሁለታችሁ ብቻ። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ። ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን መንገር። እኛ ግን ገልብጠን ነው የምንሠራው። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፣ ቀጥሎ ቡና ላይ ይወራል፣ ከዚያ እድርተኛው ያውቃል፣ ሰውዬው መጨረሻ ላይ ይሰማል። ያን ጊዜ የሚቆጨው ስለ ጥፋቱ መሆኑ ይቀርና ስሙ ስለጠፋ ይሆናል።

ሁለት ዓመት የተኳረፉ አበልጆች አውቃለሁ። ነገሩ ሲጣራ፣ አንደኛው የሌላኛውን እናት ተዝካር ሳይመጣ ቀርቷል። ለካ በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። "ለምን ቀረህ?" ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አንድ ጥያቄ ሁለት ዓመት ያድን ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሰውዬው ይጎዳኛል ብለው የሚፈሩ ከሆነ ብቻዎን አይሂዱ። ትእዛዙ ለወንድማማች የተሰጠ ነው፤ ራስዎን ለዱላ እንዲያቀርቡ አይደለም።

የንስሐ አባቴ ብቻቸውን ሊያስታርቁን ይችላሉ?

ለቀላል ኩርፊያ ይችላሉ፤ ብዙውም የሚያልቀው እዚያ ነው። የሁለታችሁም የንስሐ አባት አንድ ከሆኑ ደግሞ ይቀላል። የተለያዩ ከሆኑ ሁለቱ ካህናት ተነጋግረው ይጠሯችኋል።

ገንዘብ ወይም መሬት ያለበት ጉዳይ ሲሆን ግን ካህኑን ብቻቸውን አይተዉአቸው። ሌላኛው ወገን "የእሱ ንስሐ አባት አይደሉ፣ ለእሱ ያደላሉ" ማለቱ አይቀርም። ደግሞ በኑዛዜ የነገሯቸው ነገር ምስጢር ነው። ካህኑ ያንን አውጥተው ሽምግልና ላይ አይናገሩትም። "እርስዎ ያውቁታል አይደል አባ?" ብሎ ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም። ለሽማግሌዎቹ መናገር ያለብዎ ራስዎ ነዎት።

ሽማግሌ ስንት ይሁን? እንዴትስ ይመረጣል?

ብዙ ጊዜ 3 ወይም 5 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ይመርጣል፤ መሀል የሚቀመጠውን ሁለቱም ተስማምተው ይጠሩታል። ከሰበካ ጉባኤ፣ ከማኅበር ወይም ከእድር ሊመጣ ይችላል። ዋናው ነገር ሁለቱም ወገን "እሺ፣ እሱ ይሁን" ማለታቸው ነው።

ሽበት ብቻውን ሽማግሌ አያደርግም። ለአንዱ ወገን ብድር ያለበት ሰው አይሁን። የሰማውን የሚያዞር ሰው አይሁን። ራሱ ከሰው ተቀያይሞ የተቀመጠ ሰውም አይሁን፤ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" የተባለው ለተጣላው ብቻ አይደለም፣ ለአስታራቂውም ይሠራል።

በእኛ አገር ሴት ሽማግሌ ማስቀመጥ አልተለመደም። እኔ ግን አልቀበለውም። የሚከለክል ነገር የለም። ጠቡ ውስጥ ሴት ካለች ቢያንስ አንዷ ሽማግሌ እሷ ያመነቻት ሴት ትሁን። አምስት ወንድ ፊት ቁጭ ብላ የማትናገረው ብዙ ነገር አለ።

በእርቁ ዕለት ምን ይደረጋል?

ብዙ ጊዜ እሑድ ወይም በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ይሆናል። ቦታው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ዛፍ ሥር፣ ደጀ ሰላም አካባቢ ወይም የአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው ግን ቤት ውስጥ ይመርጣል። ቀልድ አይደለም፤ ሰው ሲበርደው ይቸኩላል፣ እርቅ ደግሞ ጥድፊያ አይወድም።

በጸሎት ይጀመራል። ከዚያ ሽማግሌዎቹ "ነገሩን ለእኛ ትሰጣላችሁ ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም "ሰጥተናል" ካላሉ አይቀጠልም። በብዙ ቦታ በሽማግሌ ቃል እንዲያድሩ ዋስ ይጠራሉ። ከዚያ ተበዳዩ ይናገራል። ሌላኛው አያቋርጥም። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። ጥሩ ሰብሳቢ "ተራህ ይደርሳል፣ ታገስ" እያለ ሰዓታት ይቀመጣል። ሁለቱም ተናግረው ሲጨርሱ "እስቲ ፈቀቅ በሉልን" ይባላሉ። ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ይመክራሉ። አንዳንዴ አንዱን ብቻውን ጠርተው ይመክሩታል፣ ጥፋቱን ለብቻው ይነግሩታል። በሰው ፊት የማያምነውን ለብቻው ሲሆን የሚያምን ብዙ ነው።

ሲመለሱ ውሳኔውን ይናገራሉ። ካሳ ካለ መጠኑና ቀኑ ይወሰናል። ከዚያ ይቅርታ ይጠየቃል። በደሉ ከባድ ከሆነ ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቅበት ቦታ አለ። ሌላ ቦታ ታናሽየው የታላቁን ጉልበት ይስማል። "አፉ በለኝ" ይላል፣ "አፉ ብያለሁ" ይባላል። ካህኑ መስቀል ያሳልማሉ፣ "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" ይላሉ። ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የታረቁት ከአንድ ሰፌድ ይበላሉ።

በአንድ ቀን ካላለቀ ቀጠሮ ይያዛል። በአንድ ቁጭታ ካልጨረስን የሚል ሽማግሌ ካጋጠመዎ ሌላ ቀን እንዲሰጥ ይለምኑት። ሁለት ሦስት ጊዜ መቀመጥ ነውር የለውም።

ለሽማግሌ ይከፈላል?

አይከፈልም። ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ከሆነ የትራንስፖርቱን መቻል ደግ ነው፤ ያውም ሁለቱም ወገን እኩል ሲያዋጡ። ከአንዱ ወገን ብቻ ግብዣ የበላ ሽማግሌ ላይ ሌላው ወገን እምነት ያጣል፤ ቢያጣም አይፈረድበትም።

ሳልታረቅ መቁረብ እችላለሁ?

በማቴዎስ 5፥23-24 መሠዊያው ዘንድ መባህን ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ተብሏል። በቅዳሴያችንም ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" ሲል እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ማለቱ ነው። እጅ ነስተን እናልፈዋለን፤ ግን ከአጠገብ ያለው የተኳረፍነው ሰው ቢሆን ምን እናደርግ ነበር? እኔ ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ ዙሪያዬን አያለሁ።

እርስዎ እርቁን ፈልገው፣ ሰው ልከው፣ ሌላኛው እምቢ ብሎ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የድርሻዎን ተወጥተዋል። ይህንን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ቁረብ ወይም ቆይ የሚሉት እሳቸው ናቸው። በራስዎ ፈርደው ዓመታት ከቁርባን አይራቁ። ከፍልሰታ ጾም በፊት፣ በሐምሌ ውስጥ ነገሩን ቢጀምሩት ጥሩ ነው። ነሐሴ 1 ከገባ በኋላ ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ጊዜ የላቸውም።

ሽማግሌ ልኬ "አልቀመጥም" ካለስ?

አንዴ እምቢ ማለት የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይላካል። የሚላከውን ሰው መቀየር ይረዳል። ሰውዬው የሚያከብረው ማን ነው? የክርስትና አባቱ? የድሮ መምህሩ? የሚስቱ ወንድም? ጊዜውንም ይምረጡ። አጨዳ ላይ ያለ ገበሬ ለማንም ልብ የለውም። እህሉ ከገባ በኋላ፣ ወይም ቤቱ ሠርግ ሲኖር ወይም ኀዘን ሲደርስ ልብ ይከፈታል።

"አባ፣ ይገዝቱልኝ" ብለው ካህን የሚያስቸግሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ግዝት ፈርቶ የመጣ ሰው ይቀመጣል እንጂ አይታረቅም።

ሦስቴ ተልኮ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት መሄድ ኃጢአት ነው ወይ የሚሉኝ አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን የገሠጻቸው በመካከላችሁ የሚያስታርቅ ሰው ጠፋ ወይ ብሎ ነው። እርስዎ አስታራቂውን ልከዋል። ፍትሕ የማግኘት መብት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ያለ ነው። ይሂዱ፤ ግን ቂም ይዘው አይሂዱ።

ለማኅበርተኛዬ ገንዘብ አበድሬ ነበር፤ ወረቀት የለኝም። ሽምግልና ይረዳኛል?

ከሁሉ በላይ የሚረዳው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም። ጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ማመኑ ወይም መሐላ ያስፈልጋል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀን ወጪ ነው። ስለዚህ "እገሌና እገሌ አይተዋል" ብለው ፍርድ ቤት ቢሄዱ ባዶ እጅዎን ሊመለሱ ይችላሉ።

ሽማግሌ ፊት ግን ሰው ባልንጀራውን ዓይኑን እያየ መካድ ይከብደዋል። አብረው ጽዋ ያነሱ ሰዎች ናቸው። ሲያምን ታዲያ እዚያው ወረቀት ይጻፍ። በየወሩ ስንት፣ እስከ መቼ፣ ዋሱ ማን ነው። ይቅር የሚሉት ነገር ካለ በግልጽ ይበሉ፤ "5,000 ትቼለታለሁ፣ 10,000 ይከፍለኛል" ተብሎ ይጻፍ። "እንደቻልክ ትሰጠኛለህ" የሚባለው ቃል ግን ሁለተኛ ጠብ ይወልዳል።

የድንበርና የከብት ጠብስ?

በሞረትና ጅሩም ሆነ በመንዝ፣ ከገጠር ምእመን የሚመጣው ጠብ አብዛኛው ይኸው ነው። ወሰን ተገፋ፣ ከብት ሰብል በላ፣ የባሕር ዛፉ ጥላና ሥር ማሳዬን ጎዳው።

ድንበር በወሬ አይለይም። ሽማግሌዎቹ መሬቱን በእግራቸው ይርገጡት። የድሮውን የወሰን ድንጋይ የሚያውቁ አዛውንት ይጠሩ። የይዞታ ደብተሩ ይታይ። ጊዜውም አጨዳ ካለቀ በኋላ ቢሆን መሬቱ ይታያል። የሰብል ጉዳት ግን በተቃራኒው ነው፤ ፈጥኖ መታየት አለበት። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙባቸው ገማቾች ገብሱ ከመታጨዱ በፊት ይዩት። ለሁለት ሳምንት ከቆየ ግምቱ ራሱ ጠብ ነው።

ሁለት ነገር ግን ሽማግሌ አይችልም። መሬት ማሸጥ አይችልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ደብተር ላይ ያለውንም በቃል መቀየር አይችልም። ወሰኑ በስምምነት ከተስተካከለ ቀበሌና ወረዳ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ አስመዝግቡት። አለዚያ ልጆቻችሁ እንደገና ይጣሉበታል።

መንዝ ያለውን የጓሳን የጋራ ሣር መሬት አስቡት። ያ ሣር ለዘመናት የቆየው ሕዝቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ እየከፈተ ስለያዘው ነው። ተስማምቶ ድንበር ማክበር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

እርቁ በጽሑፍ መሆን አለበት? ፍርድ ቤትስ ይቀበለዋል?

የቃል ኩርፊያ ከሆነ ጽሑፍ አያስፈልግም። ገንዘብ፣ ንብረት ወይም መሬት ካለበት ይጻፍ። "በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚሉ አሉ። ወረቀት አለመተማመን አይደለም። ሰው ይረሳል፣ ሰው ይሞታል።

ወረቀቱ ላይ የሁለቱ ወገኖች ስም፣ የጠቡ ምክንያት፣ የተስማሙበት ነገር፣ የመክፈያው ቀን፣ ካልተፈጸመ የሚደረገው ይኑር። ሁለቱም ይፈርሙ፣ ቢያንስ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይቀመጥ። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ጠንቀቅ ይበሉ። የጣት አሻራው ሥልጣን ባለው ሰው ፊት፣ ማለትም በውልና ማስረጃ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በሕግ አያስገድደውም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጽሑፉ ቀስ ተብሎ ይነበብለት። ለእኔ ይህ የሕግ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ያልገባውን ያስፈረመ ሰው ወንድሙን በድሏል።

እንዲህ የተጻፈ ስምምነት ውል ነው። ውል ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237ም እርቅን የሚመለከት ክፍል አለው። ትልቅ ገንዘብ ካለበት ከመፈረም በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ክስ ከመሠረትን በኋላ መታረቅ ይቻላል?

ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ክርክር ተከራካሪዎች በየትኛውም ደረጃ ስምምነት ማድረግ እንደሚችሉ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ይናገራል። ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርበው ማስመዝገብ ነው። እንዲያውም ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ ሌላኛው ቢያፈርስ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

በተቃራኒው ደግሞ እርቅ እየጠበቁ ጊዜ እንዳያልፍብዎ። ለደረሰ ጉዳት፣ ለምሳሌ ለተበላ ሰብል፣ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይዘጋል። በግል አቤቱታ የሚከሰሱ እንደ ስድብ ያሉ ወንጀሎች አቤቱታ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። "ዛሬ ነገ" እያለ የሚያጓትት ወገን ካለ፣ ሽማግሌዎቹን ቁርጥ ያለ ቀን ይጠይቁ።

ባሌ ይመታኛል። ሽማግሌዎቹ "ቻዪው፣ ትዳር ነው" ይሉኛል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ይህ ኩርፊያ አይደለም። በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ወንጀል ነው። "ቻዪው" ያሉሽ ሽማግሌዎች አላስታረቁሽም፤ ወደ ዱላው መለሱሽ። ይህን ስጽፍ እያዘንኩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ዝም ያልኩበት ጊዜ ነበርና።

መጀመሪያ ደኅና የምትሆኚበት ቦታ ሂጂ፤ እናትሽ ቤት፣ እህትሽ ቤት። ተጎድተሽ ከሆነ ሐኪም ይይሽ፣ ማስረጃውንም ያዢ። ለፖሊስ ወይም ለወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተናገሪ። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። እርቅ የሚታሰበው ዱላው ቆሞ፣ እሱ ጥፋቱን አምኖ፣ አንቺ በነጻ ፈቃድሽ ስትፈልጊ ብቻ ነው። ፍቺ ከተጠየቀም ፍርድ ቤቱ ራሱ ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እርቅ ሊሞክር ይችላል፤ ግን አስገድዶ አያስታርቅም።

ልጄን ጠልፈው ሽማግሌ ልከዋል። "በትዳር ይለቅ" እያሉ ነው። መቀበል አለብኝ?

አይቀበሉ። የድሮው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘግቷል። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ጋብቻው ራሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ሽማግሌ ሆኖ ለዚህ መሄድ ሽምግልናን ማርከስ ነው። መጀመሪያ ልጅቷ ትመለስ፣ ሐኪም ይያት፣ ፖሊስ ይወቅ።

ጠቡ ከደብሩ ካህን ወይም ከሰበካ ጉባኤ ጋር ከሆነስ?

በጣም የሚያስፈራው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው "ከካህን ጋር ተጣልቼ ማን ይፈታኛል?" ብሎ ይቀመጥና ወይ ደብር ይቀይራል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል። ሁለቱም ያሳዝናል።

መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ በአክብሮት ራሳቸውን ካህኑን ያናግሩ። "አባቴ፣ በዚህ ነገር አዝኛለሁ" ማለት ድፍረት አይደለም። ካልሆነ ሌላ አረጋዊ ካህንና የሚከበር ምእመን ይዘው ይሂዱ። ሰበካ ጉባኤ በቃለ ዓዋዲው፣ ማለትም በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚሰማዎ ሰው አያጡም። ጉዳዩ ራሱ ሰበካ ጉባኤውን የሚመለከት ከሆነ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ወዳለው ሀገረ ስብከት በጽሑፍ ያመልክቱ።

የገንዘብ ጥርጣሬ ከሆነ ሰው አይክሰሱ፤ ሂሳብ ይጠይቁ። "ለሕንፃው የተዋጣው በካርኒ ገብቷል ወይ? ኦዲት ይደረግልን" ይበሉ። ሌባ ማለትና ሂሳብ ይታይ ማለት በጣም ይለያያሉ። ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ መጀመሪያ ያወጣ ሰው ደግሞ የእርቁን በር ራሱ ዘግቶታል። ያን ቪዲዮ ያየ ሺህ ሰው እርቁን አያይም።

ሌላኛው ወገን ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም ቢሆንስ?

ይታረቃል። በአንኮበር፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ነው። ሽማግሌ ከሁለቱም ይወጣል። ቦታው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ባይሆን ይሻላል፤ ዛፍ ሥር ወይም የጋራ ወዳጅ ቤት ይሁን። ሁሉም በየራሱ እምነት ይጸልያል፣ በየራሱ ይምላል። ማዕዱን ግን ያስቡበት። ሥጋ ከቀረበ አንዱ ወገን አይበላም፣ ጠላ ከቀረበም እንደዚያው። ቆሎና ቡና ሁሉንም ያስተናግዳል።

ከፕሮቴስታንት ወንድም ጋር ሲሆን መስቀል ካልተሳለምክ ብሎ መያዝ አይገባም። የተጣላችሁት በድንበር ከሆነ የምትታረቁትም በድንበሩ ነው። የሃይማኖት ክርክር እዚያ ላይ ከገባ ድንበሩም አይለይም። የእሱ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ይጠሩ፤ እነሱም ያንኑ የማቴዎስ 18 መንገድ ያውቁታል።

ሰው በሞተበት ጉዳይ እርቅ ይቻላል?

በቤተሰቦች መካከል ይቻላል፤ ያስፈልጋልም። የወንጀሉን ክስ ግን ማስቀረት አይቻልም። ነፍስ ያጠፋ ሰው ለሕግ ይቀርባል። ሽማግሌዎችና ካህናት የሚሠሩት ሌላውን ነው፤ ወንድም ወንድሙን ሊበቀል እንዳይወጣ፣ ደም ደምን እንዳይጠራ። የተጸጸተና ካሳ የከፈለ ሰው ላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል፤ ይህ የዳኛው ሥልጣን ነው።

እንዲህ ያለውን ልምድ የሌለው ሽማግሌ አይንካው። ኀዘኑ ትኩስ ሳለ አይቸኮልም። የሟች እናት ሳትሰማ፣ ጎልማሶቹ ብቻ ተስማምተው የሚዘጉት የደም እርቅ አየሁ። እሷ ቤት ውስጥ እያለቀሰች ውጭ ዳቦ ይቆረስ ነበር። እባካችሁ እሷን አስቀድሙ።

ታርቀናል። ግን ሰውዬውን ሳየው ልቤ ይሻክራል። እርቁ ውሸት ነው?

አይደለም። ይቅርታ በአንድ ቀን ይነገራል፣ ልብ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ያን ነገር እንደገና አለማንሳት፣ ሰላምታ አለመንፈግ፣ ኀዘን ሲደርስበት መድረስ ነው። እንደ ድሮው ጓደኛ መሆን ግዴታ አይደለም። ያጭበረበረዎን ሰው ይቅር ብለው እንደገና ገንዘብ አለማበደር ቂም አይባልም።

የሻከረው ልብ ከወራት በኋላም ካልለሰለሰ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ምናልባት ያን ቀን ያልተናገሩት ነገር ይኖራል። ያኔ ሽማግሌዎቹን እንደገና መጥራት ይቻላል። "አንድ የቀረችኝ ነገር አለች" ማለት እርቁን ማፍረስ አይደለም።